ስለ አንድ ጊታር የምጠይቀው ይቅርታ

 

ይህን ገጽ የምትከታተሉ እንደምታውቁት እኔ እዚህ የምጽፈው ስለ ወረቀት ነው። ማንዴት ስለሚታደስበት ቀን፣ ስለ ኤሊየን ካርድ፣ ስለ ቤት ኪራይ፣ ፖሊስ ሲያስቆማችሁ ምን ማለት እንዳለባችሁ። ዛሬ ግን የምጽፈው ስለ ሙዚቃ ነው። ስለ አንድ ሌሊት፣ ስለ ጩኸት፣ ስለ ላብ። «ይሄ ሰውዬ ምን ነካው?» የምትሉ ትኖራላችሁ። እስከ መጨረሻው ካነበባችሁልኝ ይገባችኋል። ጽሑፉ ረዘም ይላል፤ ቡና ካፈላችሁ አቦል ላይ ጀምራችሁ በረካ ላይ ትጨርሱታላችሁ።

ባለፈው ቅዳሜ ከኢስሊ ወደ ከተማ ለመውረድ ማታቱ ተሳፈርኩ። ቁጥር 9 ነበረች። እዚህ ያላችሁ ታውቁታላችሁ፤ ለማታውቁት ልንገራችሁ። የናይሮቢ ማታቱ እንደኛ አገር ታክሲ ሰው ማመላለሻ ብቻ አይደለም። ንጋንያ የሚሏቸው አሉ። ከውጭ ሥዕል በሥዕል የሆኑ፣ ከውስጥ ባለ ቀለም መብራት የሚበራባቸው፣ ስፒከራቸው ከወንበር ሥር የተቀበረ። ቤዙ ሲመታ ድምፁን በጆሯችሁ ሳይሆን በሆዳችሁ ነው የምትሰሙት። ብዙ ጊዜ የአገሩን ዘፈን ወይ ሬጌ ነው የሚከፍቱት። የዚያን ቀን ግን ሾፌሩ ምን እንደታየው እንጃ፣ ሮክ ከፈተ።

ውጭ ይዘንባል። መስኮቱ ሁሉ ተዘግቷል። ሰው በሰው ላይ ነው። መስታወቱ በትንፋሻችን ደፍርሷል፣ ጀርባዬ ላይ ላቡ ይወርዳል፣ ኤሌክትሪክ ጊታሩ ጆሮዬ ሥር ይጮሃል። በዚህ መሀል ድንገት ዓይኔ እንባ ሞላ። አጠገቤ የተቀመጠችው ሴትዮ እጄን ነካ አድርጋ «ፖሌ» አለችኝ። ሰው የሞተብኝ መስሏት ነው። እኔ ግን አሥራ ምናምን ዓመት ወደኋላ ሄጄ፣ ፒያሳ አካባቢ ባለች አንዲት አሮጌ አዳራሽ ውስጥ ቆሜ ነበር።

2005 ዓ.ም. ነው። 22 ዓመቴ ነበር። የጃኖ ባንድ «ኤርታሌ» የተባለው አልበም የወጣበት ሰሞን ነው። የኔ ዕድሜ ሰዎች ያን ጊዜ ታስታውሱታላችሁ። ጃኖዎች አሥር ነበሩ፤ ከፊት አራት ድምጻውያን፣ ሁለት ወንድ፣ ሁለት ሴት። አልበሙን ፕሮዲዩስ ያደረገው አሜሪካዊው ቢል ላስዌል ነው። የባንዱ ስም ከባለ ቀይ ጥለቱ የአገር ልብስ፣ የአልበሙ ስም ደግሞ አፋር ውስጥ ሲንተከተክ ከሚኖረው እሳተ ገሞራ። ከዚያ በፊት ሮክ ሲባል የፈረንጅ ነገር ነበር የሚመስለን። እነሱ ግን ከትዝታና ከባቲ፣ ከአምባሰልና ከአንቺ ሆዬ ቅኝት ብዙ ሳይርቁ ጊታሩን እንደ ብረት ብየዳ አስጮሁት። «ለካ ይቻላል!» አልን። ከዚያ በኋላ በየሰፈሩ ጊታር ያልያዘ ጎረምሳ ጠፋ።

ከነዚያ ጎረምሶች አንዱ ጓደኛዬ ነበር። ሽቦ ነበር የምንለው። የጊታሩ ክር ተበጥሶበት መግዣ ሲያጣ፣ የብስክሌት ፍሬን ገመድ ፈትቶ ከውስጡ አንዷን ቀጭን ሽቦ ወጥሮ ስለተጫወተ ነው። ጣቱ ደማ፣ ስሙ ግን ወጣለት። ሽቦና አራት ጓደኞቹ ባንድ አቋቋሙ። ሁለት ጊታር፣ አንድ ቤዝ፣ አንድ ድራም፣ አንድ ድምጻዊ። አስተዋዋቂ የላቸው፣ ስፖንሰር የላቸው፣ ካሴት የላቸው። ስምንት ወር አንድ ጋራዥ ውስጥ ሲለማመዱ ከቆዩ በኋላ «ኮንሰርት እናደርጋለን» አሉ። ሰፈሩ ሳቀባቸው።

የተከራዩዋት አዳራሽ የእድር ስብሰባና የልደት ድግስ የሚደረግባት፣ ጣሪያዋ ቆርቆሮ፣ ወለሏ ጣውላ ነበረች። ትኬቱ 30 ብር። ፎቶ ኮፒ ተደርጎ በመቀስ የተቆረጠ ወረቀት ነው፤ እንዳይጭበረበር ብለው የአንዱን አባት የሱቅ ማኅተም መቱበት። ስፒከሩንና አምፕሊፋየሩን የተከራዩት ለሰርግ ከሚያከራይ ሰውዬ ነው። ሰውዬው «ድምፁ ከግማሽ በላይ ከወጣ ዕቃዬን ነቅዬ እሄዳለሁ» ብሎ አስምሎ፣ ራሱ ሚክሰሩ አጠገብ ወንበር ስቦ ዘበኛ ሆኖ ተቀመጠ።

እኔ እህቴን ይዤ ሄድኩ። ያኔ 17 ዓመቷ ነበር፤ ዛሬ ጅዳ ናት፣ ይህን ስታነብ እንደምትስቅ አውቃለሁ። እናታችንን «ቤተ መጻሕፍት ነን» አልናት። ቤተ መጻሕፍቱ በዚያ ሰዓት እንደሚዘጋ እናታችን ታውቅ ነበር። አየችን፣ አየችን፣ ምንም አላለችም።

አዳራሿ ለመቶ ሰው ብትሆን ነው። የገባው ከሁለት መቶ በላይ ይመስለኛል። ወንበሮቹን አውጥተን ግቢው ውስጥ ከመርናቸው። በሩ ተዘጋ። ድራመሩ በዱላው አራት ጊዜ ቆጠረና መሬት ተሰነጠቀ።

የመጀመሪያው ዘፈን ምን እንደሚል እስከ ዛሬ አላውቅም፤ አንድም ቃል አልተሰማም። የተሰማው ጊታሩ ነው። ደረቴ ውስጥ ገብቶ ሲንቀጠቀጥ ይሰማኛል። እንዴት እንደሚጨፈር ደግሞ ማናችንም አናውቅም። የሮክ ጭፈራ በቴሌቪዥን ነው ያየነው፤ መዝለል፣ ጭንቅላት መወዝወዝ። ግማሻችን ዘለልን፣ ግማሻችን ትከሻችን አልታዘዝ ብሎ እስክስታ ወረድን። ድራመሩ ያን ሲያይ ምቱን ወደ ችክችካ ቀየረው። ጊታሩ ሳያቆም፣ ጩኸቱ ሳይቀንስ፣ ችክችካ! ያን ጊዜ አዳራሹ አበደ። የማላውቀው ሰው አንገቴን አቅፎ ይዘላል። የማን ላብ የማን እንደሆነ አይለይም። ትንፋሻችን ወደ ላይ ወጥቶ ቆርቆሮው ላይ ውኃ ሆኖ፣ መልሶ በጭንቅላታችን ላይ ይንጠባጠባል። በበጋ፣ ቤት ውስጥ፣ ዝናብ ዘነበብን።

ሦስተኛው ዘፈን ላይ ዞር ብዬ አከራዩን አየሁት። ኮቱን አውልቆ ወንበሩ ላይ ቆሟል። ድምፁን የሚጨምረው እሱ ራሱ ነበር።

ከዚያ መብራት ጠፋ።

ጊታሩ በመሀል ተቆረጠ። ጨለማ። አንድ ሰከንድ ያህል ሁለት መቶ ሰው ትንፋሹን ዋጠ። እህቴ እጄን ያዘችኝ። «አለቀ» ብዬ አሰብኩ። አገራችን ነውና መብራት ሲጠፋ መቼ እንደሚመጣ አይታወቅም። ነገር ግን ድራም መብራት አያስፈልገውም። ድራመሩ አላቆመም። ከኋላ አንድ ሰው ማጨብጨብ ጀመረ። ከዚያ ሌላው። ከዚያ ሁላችንም። ድምጻዊው ድምፁ ተዘግቶ ነበር፤ ግጥሙን እኛው ተቀበልነው። ከፊት የነበሩት ለኋለኞቹ እየነገሩ፣ የማናውቀውን እየፈጠርን፣ በጨለማ ውስጥ በጭብጨባ ብቻ ዘፈኑን ያዝነው። ምን ያህል እንደቆየን አላውቅም። አሥር ደቂቃ ይሆናል፣ ሩብ ሰዓት ይሆናል። ከዚያ መብራቱ መጣ፤ ጊታሩም በዚያው ድምፁ እንዳለ ነበርና ልክ እኛ ያለንበት ቦታ ላይ እንደ አንበሳ አገሳ። እንዲህ ያለ ጩኸት ከዚያ በኋላ ሰምቼ አላውቅም፤ ከጊታሩ ይልቅ የኛ ይበልጥ ነበር።

ስንወጣ ታክሲ አልነበረም። ከፒያሳ በስድስት ኪሎ አድርገን ወደ ሽሮ ሜዳ በእግራችን ወጣን፤ እኔ፣ እህቴ፣ ሽቦ። የአዲስ አበባን የሌሊት ብርድ ታውቁታላችሁ። ከሸሚዛችን ላይ እንፋሎት ይወጣ ነበር። ጆሯችን ስለደነቆረ እየተጯጯህን ነው የምናወራው፤ የሰፈሩ ውሻ ሁሉ ይመልስልናል። ጊታሩን በጋቢ ጠቅልለን እንደ ሕፃን በየተራ ተሸከምነው።

እናቴ በሩን ከፈተችልን። ሸሚዜን በእጇ ነካ አደረገችና «ቤተ መጻሕፍቱ ውስጥ ዝናብ ጥሎ ነው እንዴ?» አለችኝ። ሌላ ቃል አልጨመረችም። ራት አቀረበችልን። እናቴ እኔ ስደት ላይ እያለሁ አረፈች፤ አልቀበርኳትም። እሷን ሳስብ ከሁሉ ቀድሞ የሚመጣልኝ ያ ቀልዷና እርጥብ ሸሚዜ ላይ ያረፈው እጇ ነው።

ወገኖቼ፣ ከዚያ በኋላ የሆነውን አልነግራችሁም። እንዴት ከአገሬ እንደወጣሁ ታውቃላችሁ፤ እናንተም የየራሳችሁ አላችሁ። ልነግራችሁ የምፈልገው ስለ ኢንተርቪው ነው።

ኢንተርቪው ሲጠይቁህ ምን እንደሚፈልጉ ሁላችንም እናውቃለን። የታሰርክበት ቀን። የመቱህ ሰዎች ብዛት። የየትኛው እጅህ ጠባሳ። አልወቅሳቸውም፤ ሥራቸው ነው፣ ጥበቃ የሚሰጠው በአደጋ እንጂ በደስታ አይደለም። እኔም ለብዙዎቻችሁ «ያን አስቀድማችሁ ተናገሩ፣ ይሄን አትርሱ» ብዬ መክሬያለሁ። ነገር ግን የኔ ፋይል ስንት ገጽ እንደሆነ አስባለሁ፤ በዚያ ሁሉ ገጽ ውስጥ አንዲት መስመር ደስታ የለችም። ያን ፋይል ያነበበ ሰው እኔ 22 ዓመት ሲሆነኝ በጨለማ ውስጥ ሳጨበጭብ እንደነበርኩ አያውቅም። እነሱ አለማወቃቸው ግድ የለም። የሚያስፈራው እኔ ራሴ መርሳቴ ነው። ፋይሉን ደጋግሜ ስናገረው፣ ሰውዬውን ትቼ ፋይሉን ሆንኩ።

መርሳቴን ያወቅኩት ደግሞ በአንድ ልጅ ላይ ባደረግኩት ነገር ነው። ይህን ጽሑፍ የጻፍኩትም ለእሱ ነው።

ባለፈው ዓመት አንድ የ19 ዓመት ልጅ ወደ ማኅበራችን ቢሮ መጣ። ካኩማ የተወለደ ልጅ ነው። ካኩማ ካምፕ የተቆረቆረው እ.ኤ.አ. በ1992 ነው፤ እሱን የሚያህሉ፣ እዚያ ተወልደው እዚያ ያደጉ ስንት ልጆች እንዳሉን ታውቃላችሁ። ኢትዮጵያን የሚያውቃት በስልክ ቪዲዮ ነው። አማርኛው ስዋሂሊ ይቀላቅላል። ጊታር የተማረውም ከስልክ ነው። በትህትና እጁን አጣምሮ «ጋሼ፣ ቅዳሜ ከሰዓት አዳራሹን ብትፈቅዱልን ልጆች ሰብስበን እንጫወት ነበር። ድራምም አግኝተናል» አለኝ።

ከኮሚቴው ፊት፣ ለጉዳያቸው ከመጡ ሰዎች ፊት፣ ምን አልኩት መሰላችሁ? «አገር እየነደደ፣ እናቶች እያለቀሱ፣ አንተ ጊታር ትለኛለህ? እኛ እዚህ የመጣነው ለመጨፈር ነው?»

ልጁ «እሺ ጋሼ» አለና ወጣ። ሰዎቹ ራሳቸውን ነቀነቁልኝ። «ልክ ነገርከው» ያለኝም ነበር።

ምክንያት አልነበረኝም አልልም። አራት ምክንያት ነበረኝ፣ ልዘርዝራቸው። አንደኛ፣ በዚያ ሰሞን ሰፈራችን ሦስት ለቅሶ ነበር። ሁለተኛ፣ ጩኸት ፖሊስ ይጠራል ብዬ ፈራሁ፤ ወረቀቱ ያልታደሰለት ልጅ ቢያዝ ተጠያቂው እኔ ነኝ። ሦስተኛ፣ ፎቶው ወጥቶ «ስደተኞቹ ይጨፍራሉ፣ ምን ቸገራቸው» እንዳንባል ሰጋሁ። አራተኛውን ለመናገር አፍራለሁ። ቀናሁበት። ከዚያ ሁሉ መከራ በታች ተወልዶ እንዴት ጊታር ያምረዋል ብዬ፣ እኔ የተነጠቅኩትን እሱ ሲይዘው ማየት አልቻልኩም።

ልጁ ከዚያ በኋላ ወደ ማኅበሩ አልመጣም። በኋላ ወደ ካኩማ ተመለሰ ሲሉ ሰማሁ። ረሳሁት። ያቺ ማታቱ እስክታስታውሰኝ ድረስ።

ቅዳሜ ማታ ከከተማ ስመለስ ወደ አንዲት እናታችን ቤት ጎራ አልኩ። እማማ እንላታለን፤ ኢስሊ ያላችሁ ማን እንደሆነች ትገምታላችሁ። ቡና እያፈላች ነገሩን ሁሉ ነገርኳት። «ለቅሶ ቤት እያለ እንዴት ብዬ እፈቅዳለሁ፣ እማማ?» አልኳት፤ እንድታጽናናኝ ፈልጌ።

ጀበናውን አስቀመጠችና እንዲህ አለችኝ። «ስማኝ ልጄ። በደርግ ጊዜ ሰዓት እላፊ ነበር። ማታ ክበብ የገባ ሰው ሰዓቱ ካለፈበት እስኪነጋ አይወጣም። በሩ ይቀረቀራል፣ ባንዱ እስኪነጋ ይጫወታል። ከውጭ ጥይት፣ ከውስጥ ሙዚቃ። ወንድሜ በ70 ነው የተገደለው። ዓመቱን ሙሉ ጥቁር ለብሼ ተቀመጥኩ። ለቅሶው ግን አልወጣልኝም፤ እዚህ ደረቴ ላይ ደርቆ ቀረ። ዓመቱ ሲያልቅ እህቴ ጎትታ ወሰደችኝ። ጨፈርኩ። እየጨፈርኩ አለቀስኩ። እዚያ ነው የወጣልኝ። ሲነጋ በሩ ተከፈተና ወደ ሥራዬ ሄድኩ።»

ከዚያ ሲኒውን እየሰጠችኝ «ለቅሶ ቤት ካለ ሦስት ቀን ጠብቅ። ሦስት ቀን ነው እንጂ ዕድሜ ልክ ያለህ ማን ነው?» አለችኝ።

እማማ የምትለው ዘመን ተረት አይደለም። እነ ዋልያስ ባንድ በሂልተን ይጫወቱ የነበረው በዚያው ዘመን ነው። ኪቦርድ ተጫዋቹ ኃይሉ መርጊያ እ.ኤ.አ. በ1981 ከባንዱ ጋር ለሙዚቃ ጉዞ አሜሪካ ሄዶ እዚያው ቀረ፤ በኋላ ዋሽንግተን አካባቢ ለዓመታት ታክሲ ነዳ። ኪቦርዱን ግን የታክሲው ዕቃ መጫኛ ውስጥ ይዞ ይዞር ነበር። ተሳፋሪ ሲጠብቅ አውጥቶ ይለማመዳል። እ.ኤ.አ. በ2018 «ላላ በሉ» የሚለውን አልበም አወጣ። ያን ሁሉ ዓመት ያ ኪቦርድ ከመኪናው ኋላ ባይኖር ኖሮ፣ ኃይሉ ታክሲ ነጂ ብቻ ሆኖ ይቀር ነበር። ታክሲ መንዳት ነውር አይደለም፤ እኛም ያገኘነውን ሠርተን ነው የምንበላው። ነገር ግን ሰው ያን ብቻ መሆን የለበትም።

ለሽቦም ደወልኩለት። ሽቦ ዛሬ ካምፓላ ስልክ ይጠግናል። የሱን ታሪክ ብዙዎቻችሁ ታውቁታላችሁ። ኬዙ አልቆ፣ ምርመራውን ጨርሶ፣ ቤቱን ለቅቆ፣ አልጋውን ሸጦ፣ ሻንጣውን መዝኖ ሲጠብቅ እ.ኤ.አ. ጃንዋሪ 2025 በረራው ከተሰረዘባቸው ሰዎች አንዱ ነው። ያን ሌሊት አነሳሁበት። «መብራቱ ሲጠፋ እንዴት እንደጠበቅከን፣ ሲመጣ እንዴት እንዳገሳህ!» አልኩት።

ሳቀ። «አንተ የምታስታውሰው ሌላ ነው» አለኝ። «መብራቱ ሲጠፋ ከመድረክ ልወርድ ነበር። ስምንት ወር ለፍተን በዚህ አለቀ ብዬ እያለቀስኩ ጊታሩን ከአንገቴ እያወረድኩ ነበር። እናንተ ማጨብጨብ ስትጀምሩ እንደገና አንገቴ ውስጥ ከተትኩት። እኔ አልነበርኩም የያዝኳችሁ። እናንተ ናችሁ የያዛችሁኝ።»

እስከ ዛሬ ያን ሌሊት የነሱ ነበር የሚመስለኝ። ለካ እኔም ሥራ ነበረኝ።

እሁድ ጠዋት የልጁን ስልክ ፈልጌ ደወልኩ። አነሳው። ማን እንደሆንኩ ነገርኩት። ዝም አለ። «ባለፈው ዓመት በተናገርኩህ ነገር ይቅርታ ልጠይቅህ ነው» አልኩት።

ትንሽ ቆየና «ጋሼ፣ ‹እኛ እዚህ የመጣነው ለመጨፈር ነው ወይ› አልከኝ» አለ። «እኔ የትም አልመጣሁም። እዚሁ ነው የተወለድኩት።»

መልስ አልነበረኝም።

«እናንተ ስትሰበሰቡ ስለ አገር ታወራላችሁ» አለኝ። «ፒያሳ፣ ስድስት ኪሎ፣ ጥምቀት፣ ምናምን። እኛ ጥግ ላይ ቁጭ ብለን እንሰማለን። እናንተ የምትናፍቁት አላችሁ። እኛ የምንናፍቀው ገና አልተሠራም። ያን ቀን ልንሠራው ነበር።»

ጊታሩ የት እንዳለ ጠየቅኩት። ለኪራይ ሸጦታል። የሸጠው ከማኅበሩ በወጣ በሁለት ወሩ ነው። ከዚያ አንድ ነገር አለኝ፤ ዛሬ እዚህ የምጽፈው በሱ ምክንያት ነው። «ይቅርታህን ሰማሁ፣ አመሰግናለሁ። ግን የከለከልከኝ በስልክ አልነበረም፤ በሰው ፊት ነው። ደረጃው ላይ ደግሞ ስድስት ልጆች መልሴን እየጠበቁ ነበር። እነሱም ይስሙት።»

ልክ ነው። ስለዚህ ይኸው በሰው ፊት።

ወንድሜ፣ በድዬሃለሁ። እኔ በአንተ ዕድሜ የተሰጠኝን አንዲት ሌሊት አንተን ከለከልኩህ። ደረጃው ላይ የነበራችሁ ስድስታችሁም፣ ስማችሁን እንኳ አልጠየቅኩም፤ ይቅርታ አድርጉልኝ። የዚያን ቀን ራሳችሁን የነቀነቃችሁልኝ ትልልቅ ሰዎች ደግሞ፣ አብረን ነው የተሳሳትነው፤ እናንተንም እወዳችኋለሁ።

ይቅርታ በባዶ እጅ አይጠየቅም። ማክሰኞ ኮሚቴው ተሰብስቦ ተወያይተናል። ክርክሩ ቀላል አልነበረም። «ዘፈን ኃጢአት ነው» ያሉ አባቶች አሉ፤ አከብራቸዋለሁ፣ ማንም አይገደድም። በመጨረሻ ግን የሚከተለውን ተስማምተናል።

በየወሩ የመጨረሻው ቅዳሜ ከቀኑ 8 ሰዓት እስከ 12 ሰዓት አዳራሹ የወጣቶቹ ነው። በቀን ያደረግነው ለጎረቤትም፣ በሰላም ወደ ቤት ለመግባትም እንዲመች ነው። ስትመጡ ወረቀታችሁን ያዙ፤ ከካምፕ የምትመጡ የጉዞ ፈቃዳችሁን ሳትይዙ እንዳትነሱ። በሰፈሩ ለቅሶ ካለ ሠልስቱ እስኪወጣ ወደሚቀጥለው ቅዳሜ ይተላለፋል። ልጆቹ ካልፈቀዱ ማንም ፎቶ አያነሳም። ሴት ልጆቻችሁንም ላኩ። ካልፈለጋችሁ እናንተም አብራችሁ ኑ፤ እማማ እመጣለሁ ብላለች፣ ቡናው በሷ ነው።

የጎደለን ጊታር ነው። ቤቱ ጥግ ላይ አቧራ የለበሰ ጊታር፣ አምፕሊፋየር፣ የተሰነጠቀም ቢሆን የድራም ሳህን ያለው ሰው በውስጥ መስመር ይጻፍልኝ። የመጀመሪያው ጊታር የት እንደሚሄድ ታውቃላችሁ፤ በካኩማ አውቶቡስ ይላካል። ሽቦ ከካምፓላ «ክር እኔ እልካለሁ፣ የብስክሌት ፍሬን እንዳይፈቱ» ብሏል።

እህቴ፣ ጅዳ ያለሽው፣ አንቺም ይህን ካነበብሽ ደውይልኝ። ያን ሌሊት መብራቱ ስንት ደቂቃ እንደጠፋ ከሽቦ ጋር ተከራክረን አልተስማማንም። እኔ ሩብ ሰዓት እላለሁ፣ እሱ ሦስት ደቂቃ ይላል። እጄን ይዘሽ የነበርሽው አንቺ ነሽ፤ ፍረጅን።

ቸር ያሰማን።